ማህበር ልታቋቁም ላሰብከው ለሐምዳይቱ መምህር

ልጄ፤

መልእክትህ ደርሶኛል። እዚህ ሱዳን፣ ሐምዳይት ላይ አብረውህ ከሚያስተምሩት ጋር የቁጠባና ብድር ማህበር ልታቋቁሙ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ደስታውን ስንገናኝ እናወራዋለን። የፈራሁትን ግን ከገዳሪፍ ሆኜ በቁጥር እየለየሁ ልጻፍልህ።

1. መጀመሪያ ከእናንተ በፊት የነበሩትን እወቅ። ራይፋይዘን የሚባል የጀርመን ገጠር ከንቲባ ገበሬዎቹን ከአራጣ አበዳሪ ሊያላቅቅ በ1864 እ.ኤ.አ. ሄደስዶርፍ ላይ የብድር ማህበር አቋቋመ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማህበር መሠረቱ። የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው ከዚያ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው። ሠራተኞቹ ሕጉን ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

መምህሩም ተከተለ። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች የመምህራን ቁጠባና ብድር ማህበር ታገኛለህ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመምህር ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን አይስትም፣ ቁጠባውም ብድሩም እጁ ሳይገባ ከፔሮል ላይ ይቆረጣል፣ ዋስ የሚሆነውም እዚያው አጠገቡ የሚያስተምር ባልደረባው ነው።

ከባሕር ማዶም ለአንተ የሚሆን ታሪክ አለ። በአሜሪካ ደቡብ፣ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ጥቁሩ መምህር ያንኑ ሥራ እየሠራ ከነጩ ያነሰ ይከፈለው ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ የብድር ማህበራት ሕግ ከወጣ በኋላ ጥቁር መምህራንም የራሳቸውን ማህበር አቋቋሙ። በቨርጂኒያ ግዛት፣ ኖርፎክ ከተማ፣ ሜልቪን አልስተን የሚባል ጥቁር መምህር እኩል ደመወዝ ይገባኛል ብሎ ከሶ በ1940 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። አንዱ ወገን ደመወዙን በፍርድ ቤት ሲያስጨምር ሌላው ያለችውን ደመወዝ በማህበር አበረከታት። እኔ ሁለቱንም አንድ ትግል አድርጌ ነው የማያቸው። ልብ በል፤ ማህበር ያቋቋሙት ገንዘብ ተርፏቸው አልነበረም፤ ደጁን የሚከፍትላቸው አበዳሪ ስላልነበረ ነው። ሐምዳይት ላይስ ለስደተኛ መምህር የትኛው ባንክ ያበድረዋል?

2. እቁብና ማህበር አታደባልቅ። እቁብ ጥሩ ነው፤ የሱዳን ሴቶችም ሰንዱቅ ብለው ይጥሉታል፣ ጎረቤቶችህን ጠይቅ። እቁብ ግን ዙሩ ሲያልቅ እሱም አለቀ። ማህበሩ የሚያበድረው ዕጣ ለወጣለት ሳይሆን ለቸገረውና መክፈል ለሚችለው ነው፤ ከትርፉም ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። በአገራችን የ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 147፣ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም ያቺን 30 በመቶ ለራሳችሁ ደንብ ብትወስዷት አትጎዱም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለውንም ውሰዱ፤ ብዙ የቆጠበ ብዙ ይናገር ካላችሁ ማህበሩ የአንድ ሰው ሱቅ ሆኖ ያርፋል።

3. ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ማህበር በቁጠባ አይፈርስም፣ በብድር ነው የሚፈርሰው። መሰብሰቡን ማንም ያውቅበታል። ባልደረባህን “ዘንድሮ አይደርስህም” ማለት ነው የሚያቅተው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላሉ፤ እኔ እንዳየሁት ድሩ ሲያብር ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ገንዘብ ያዡ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚይዘውና ብድር የሚፈቅደው አንድ ሰው አይሁን። የብድር ኮሚቴው ሦስት ሰው ይሁን፤ ከኮሚቴው አንዱ ሲበደር ከስብሰባው ይውጣ። ከቁጠባው ስንት እጥፍ እንደሚበደርም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ዓመት ከሁለት እጥፍ አላሳልፍም።

አከፋፈሉን በወረቀት ላሳይህ። አንድ መምህር በሰሊጥ አጨዳ ወራት ነግዶ ሊያተርፍ 12,000 ተበደረ እንበል፤ በስድስት ወር የሚከፍለው፣ በወር አንድ በመቶ ወለድ። ወለዱን ሁልጊዜ በ12,000 ላይ ብታሰላ በወር 120፣ በስድስት ወር 720 ይሆናል። ግን በየወሩ 2,000 ዋናውን እየመለሰ ነው፤ ስለዚህ በቀሪው ዕዳ ላይ አስላለት። 120፣ 100፣ 80፣ 60፣ 40፣ 20፣ ድምሩ 420። ልዩነቱ 300 ነው። ያ 300 በእጁ ከሌለ ገንዘብ ላይ የተቆረጠበት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያሰላም፤ አንተ የሒሳብ መምህር ነህና ምክንያት የለህም።

4. ከመካከላችሁ ሙስሊሞች አሉ፤ ወለድ አይበሉም። በሱዳንም ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንኩ በአብዛኛው የሚሠራው በሸሪዓ ነው። ወለዱን ትታችሁ ለመዝገብና ለወረቀት የሚሆን መጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ አድርጉት፤ በአገራችንም ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ማህበራት አሉ። ይህን ከምሥረታው በፊት ተነጋገሩበት፤ በኋላ ካመጣችሁት ቅያሜ ነው የሚሆነው።

5. ገንዘብ ከሳጥን አይተኛ። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ሱዳን የምንዛሪውን ተመን ስትለውጥ አንድ ዶላር ከ55 ጊኔ ወደ 375 ጊኔ ወጣ። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ባሰ። ብሩም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ ሰምተሃል። እንዲህ በሆነበት አገር ለሁለት ዓመት ማበደር ዋጋው ግማሽ የሆነ ገንዘብ መልሶ መቀበል ነው። ብድራችሁ አጭር ይሁን፤ ከስድስት ወር አይለፍ። ክረምት ሲገባ ለዘር፣ ለአረም ሠራተኛ፣ ሰሊጡ ሲደርስ ለንግድ፤ ገበያው ሲዘጋ ደግሞ ይመለስ። ለሠርግና ለድግስ አታበድሩ ብል አትሰሙኝም፤ ቢያንስ ጣሪያ አብጁለት።

6. መዝገቡ በሁለት ይያዝ፤ አንዱ ከጸሐፊው፣ ሌላው ከተቆጣጣሪው ዘንድ። ቀን፣ ስም፣ ቁጠባ፣ የወሰደው፣ የመለሰው፣ ቀሪ ዕዳ፣ ፊርማ። ሲሳሳቱ አይፋቅ፤ አንድ መስመር ይሰመርበትና ከጎኑ ይስተካከል፣ ያስተካከለውም ይፈርምበት። ሁሉም አባል በፈለገው ቀን የራሱን ገጽ አይቶ ሊጠይቅ መብቱ ነው። ኢንሴንቲቩን፣ ማለትም የማስተማሪያ ክፍያችሁን፣ የምትቀበሉበትን ቀን የመሰብሰቢያ ቀን አድርጉ፤ እዚያ ፔሮል ስለሌላችሁ ገንዘቡ ኪስ ከገባ በኋላ ማውጣት አይሆንላችሁም።

7. ይህኛውን ሌላ ቦታ ያለ ማህበር ብዙም አያስበውም፤ እናንተ ግን ማሰብ አለባችሁ። ሐምዳይት መሻገሪያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲነሣ ከሑመራ ወገን ተከዜን ተሻግሮ የመጣው ሕዝብ መጀመሪያ ያረፈው እዚያው ነበር፤ ወደ ሱዳን የገባው ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን ብዙው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ካምፖች ተወስዷል። አባሎቻችሁም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ወደ ካምፕ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ አገር ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። ስለዚህ የመውጫውን ደንብ ከመግቢያው ደንብ በፊት ጻፉ፤ የሚሄድ ሰው ዕዳ ከሌለበት ቁጠባው በስንት ቀን ይመለስለታል? ዕዳ ካለበት ከቁጠባው ተቀንሶ ቀሪውን ዋሱ ነው የሚከፍለው ወይስ ማህበሩ? አባል ቢሞት ገንዘቡን ማን ይረከባል? ወራሹን እያንዳንዱ በጽሑፍ ይሰይም፤ “ቤተሰቤ ያውቃል” አይበቃም። ሁላችሁም በአንድ ቀን ብትነሡስ? ሳጥኑ የማን መኪና ላይ እንደሚጫን እስክትስማሙ የመጀመሪያዋን ጊኔ አትሰብስቡ።

ደንቡን ረቂቅ ስታደርጉት ላኩልኝ፤ ቀይ ብዕር ይዤ አነበዋለሁ። የብድር ኮሚቴውን ስትመርጡም ዝም የሚለውን ሰው አትርሱት፤ “አይሆንም” ማለት የሚችለው አንዳንዴ እሱ ነው።