የላቲን ቋንቋ አመጣጥና እድገት

በሁሩሙ የሚማር ልጅ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፉን ሲገልጥ ቁቤን ያገኛል። የቁቤ ፊደላት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ለአፋን ኦሮሞ መጻፊያነት የተመረጡትም በ1984 ዓ.ም. ነው። ለመሆኑ ላቲን የማን ቋንቋ ነበር?

ላቲን በመጀመሪያ በኢጣሊያ፣ በሮም አካባቢ ላቲዩም በተባለች አነስተኛ አገር ይነገር ነበር። ሮማውያን እየበረቱ ሲሄዱ ቋንቋቸውም ከወታደሩና ከነጋዴው ጋር በምዕራብ አውሮፓ ተስፋፋ። ግዛታቸው ከፈረሰ በኋላ ግን የየአገሩ ሕዝብ አነጋገር እየተራራቀ ሄዶ ኢጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እስፓንኛ፣ ፖርቱጋልኛና ሩማንኛ ተገኙ። ለምሳሌ ውሃ በላቲን «አኳ» ይባል ነበር፤ ኢጣሊያዊው ዛሬም «አኳ»፣ እስፓኛዊው «አጓ» ሲል፣ ፈረንሳዊው አሳጥሮ «ኦ» ይላል። ስለዚህ የአፉ ላቲን ሞተ ከማለት ተለወጠ ማለት ይሻላል።

የጽሑፉ ላቲን ግን በቤተ ክርስቲያንና በሊቃውንት ዘንድ ቆየ። በዚህ ረገድ ግዕዝን ይመስላል፤ ይሁንና ፈረንሳይኛ ከላቲን እንደ ተወለደ ሁሉ አማርኛም በቀጥታ ከግዕዝ ተወለደ ማለት አይቻልም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ ሁለቱ ደብዳቤ ይጻጻፉ የነበረው በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ የተጻፈው በላቲን ነው። እንግዲህ ሕያው የሆነውን አማርኛ ለአውሮፓ ያስተዋወቁት፣ ልጅ ከእናቱ አፍ የማይሰማቸው ሁለት ቋንቋዎች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን አላዩም፤ ከ40 ዓመት በፊት፣ በ1658፣ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሞተዋል።

መልመጃ፦ አንድ ቋንቋ «ሞተ» የሚባለው መቼ ነው? ላቲንንና ግዕዝን ምሳሌ አድርጋችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።