ያረጀ አፈሙዝ፦ ይቦርቦር ወይስ በአዲስ ይተካ?

ከአራዳ ጊዮርጊስና ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ወደ ፒያሳ የሚሻገር ሰው፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል ሲያልፍ የአያቶቻችንን ጠመንጃ ማስታወሱ አይቀርም። ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ዛሬም እንደ ቅርስ ተቀምጠዋል። የእነዚህ አፈሙዝ ውስጡ ሲያልቅ በቶርኖ ማስፋት ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት? ጥያቄው የባለ እጅ ብቻ ይመስላል፤ መልሱ ግን በአብዛኛው ፊዚክስ ነው።

በአፈሙዝ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዙ ቦዮች ተቆርጠዋል። እርሳሱ በእነርሱ እየተመራ ይሾራል፤ የሚሾር አካል ደግሞ የዛቢያውን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም። በተተኮሰ ቁጥር ትኩሱ ጋዝ ብረቱን ይበላል፤ ጉዳቱም ከሁሉ በፊት ከቀለህ ማረፊያው ፊት ለፊት ይጀምራል። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ደግሞ እርጥበት እየሳበ ያዝገዋል። ቦዮቹ ሲጠፉ ጋዙ በእርሳሱ ዙሪያ ያመልጣል፤ እርሳሱም በአየር ላይ ይገለባበጣል።

የተበላ ብረት አይመለስም። ስለዚህ መቦርቦር ማለት ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ቦይ መቁረጥና ጠመንጃውን የሌላ፣ ወፍራም ጥይት ጠመንጃ ማድረግ ነው። የመኪና ሲሊንደር ተቦርቡሮ ከፍ ያለ ፒስተን እንደሚገባለት መሆኑ ነው። ልዩነቱ ፒስተኑ ከመለዋወጫ ሱቅ ሲገኝ፣ ለአዲሱ ቀዳዳ የሚስማማ ጥይት ግን ላይገኝ መቻሉ ነው።

ዋናው ስሌት በግድግዳው ውፍረት ላይ ነው። ፈረንሳዊው ገብርኤል ላሜ እንዳሳየው፣ በወፍራም ቱቦ የውስጥ ገጽ ላይ ዙሪያውን የሚወጥረው ኃይል የጋዙ ግፊት በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። ቁጥሩም የውጭውና የውስጡ ራዲየስ ስኩዌሮች ድምር ለልዩነታቸው ሲካፈል የሚመጣው ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ አፈሙዝ እንውሰድ። ቀዳዳው 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዜቱ 1.4 ያህል ነው። ወደ 8 ሲሰፋ 1.67፣ ወደ 11 ሲሰፋ ደግሞ 2.8 ይደርሳል፤ ይኸውም እጥፍ ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ «ቀዳዳው ሲሰፋ ያው ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ይቀንስ የለምን?» ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም ስሌቱ በአዲሱ ጥይት ግፊት መሠራት አለበት። ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ ካለ ግን ውጥረቱ በዚያ ነጥብ ላይ ስለሚከማች የላሜ ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል።

ታሪክ ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 ከአፉ የሚጎረሰውን የኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ኋላውን ቆርጠው መክፈቻ አበጁለት። ይህ «ስናይደር» እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ታየ፤ በእኛ አንደበትም ሰናድር ተባለ። 14.7 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ አልተነካም፤ ባሩዱም ያው ጥቁር ባሩድ ነበር። ቁጠባው የተሳካው በዚህ ነው።

ጣሊያኖች በዓድዋ ይዘውት የመጡት ቬተርሊ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥራቸው፣ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10.35 ሚሊ ሜትሩን አፈሙዝ ቦርቡረው 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስገቡበት። ለማጥበብ ሲባል አሰፉት ማለት ነው! ዘዴው ብልህ ነው፤ ቱቦው አዲስ፣ ግድግዳውም ወፍራም ሆነ። ነገር ግን ከኋላ ያለው መቀርቀሪያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራው አሮጌው ነበር፤ አሁን ጭስ አልባውን ባሩድ መሸከም ግድ ሆነበት። ጋዝ ወደ ፊት እርሳሱን እንደሚገፋ ሁሉ ወደ ኋላም መቀርቀሪያውን ይገፋል፤ ከተኳሹ ፊት አጠገብ ያለውም እርሱ ነው። አፈሙዙን ብቻ ያሰላ ሰው ግማሹን ብቻ አስልቷል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፣ መቀርቀሪያው ጤነኛ ለሆነና በፈቃድ ለሚሠራበት ዘመናዊ ጠመንጃ ከፋብሪካው የወጣ አዲስ አፈሙዝ ይመረጣል፤ መቦርቦር የሚያዋጣው ግድግዳው ወፍራም፣ ጥይቱም የሚገኝ ሲሆን ብቻ ነው። የአያት ሰናድር ወይም ውጅግራ ግን አይቦርቦር፤ አፈሙዙም አይለወጥ። የተበላው ቦይ ራሱ ጠመንጃው ምን እንደተኮሰና እንዴት እንደተያዘ ለታሪክ አጥኚ ይናገራል። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ከመሄድ በፊት ሕጉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቅርሱ ደረቅ ቦታና ስስ ዘይት ይበቃዋል፤ ጥይት ግን አይጉረስበት።