ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ለተማሪዎች ነጻ የውይይት ቡድን ማደራጀት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ውሳኔው ተማሪዎች ተጠጋግተው በመቀመጥ ቫይረሱን ለቤተሰብ እንዳያደርሱ የሚረዳ ነበር። ሆኖም ክፍሉ ሲዘጋ ተማሪው መምህሩን የሚጠይቅበት መንገድም አብሮ ይዘጋል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ያስተምራል እንጂ ከተማሪው ጥያቄ አይቀበልም። ይህንን ክፍተት በነጻ የኢንተርኔት መወያያ ቡድን ማጥበብ ይቻላል።

ቡድኑ ማንን ማሰብ አለበት?

በሰሜን ሸዋ፣ በቆላማው ይፋት፣ እንደ ማጀቴና ሸዋ ሮቢት ባሉ ከተሞች ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ትምህርት ሲቋረጥ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ። ከተማ የቀረው ተማሪ ስማርት ስልክ ሊያገኝ ይችላል፤ እርሻ ላይ የሚውለው ጓደኛው ግን ተራ ስልክ እንኳ ላይኖረው፣ ቢኖረውም ኔትወርክና ኤሌክትሪክ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የቡድኑ መለኪያ ጥሩ ስልክ ያለው ሳይሆን ከሁሉ የራቀው ተማሪ ሊሆን ይገባል።

የአደረጃጀት ቅደም ተከተል

1. ብዙዎች የለመዱትን መገናኛ መምረጥ። ቴሌግራም ለአገልግሎቱ ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚያስከፍለው የሞባይል ዳታ ነው። በስልክ ቁጥር ከተመዘገቡ በኋላ በኮምፒዩተርም መጠቀም ይቻላል።

2. ለአንድ ክፍል አንድ ቡድን መክፈት። ቡድኑ ለሕዝብ ክፍት ሳይሆን የግል ይሁን፤ መግቢያ ሊንኩም ከክፍሉ ውጭ አይሰራጭ። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት መምህራን ቢሆኑ አንዱ ኔትወርክ ሲያጣ ሌላው ይተካዋል።

3. የስልክ ቁጥርን መሰወር። እያንዳንዱ ተማሪ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ አድርጎ ይዝጋ። ይህም በተለይ ሴት ተማሪዎችን ከማይፈለግ ጥሪ ይጠብቃል።

4. ሰዓት መወሰን። ለምሳሌ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ጥያቄ ይቀርባል፤ ከዚያ ውጭ አስተዳዳሪው መልእክት መላክን ይዘጋል። የቀድሞ መልእክቶች ለአዲስ ገቢዎች እንዲታዩ ከተደረገ ዘግይቶ የገባም ያነባል።

5. ጽሑፍን ማስቀደም። ቪዲዮ ዳታ ይጨርሳል። ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳይወርዱ ማድረግ ወጪ ይቀንሳል።

ስልክ ለሌለው ተማሪ

በአንድ ስልክ ዙሪያ አሥር ተማሪዎች ከተሰበሰቡ ቡድኑ የተቋቋመበት ዓላማ ይፈርሳል። በዚህ ፈንታ ስልክ ያለው ተማሪ የዕለቱን ጥያቄና መልስ በወረቀት ገልብጦ ለቅርብ ጓደኛው ያድርስ፤ የጓደኛውንም ጥያቄ ተቀብሎ በቡድኑ ያቅርብ። በሚገናኙበት ጊዜ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው ይቁሙ፤ ከዚያም እጃቸውን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ተራ ስልክ ያለው ደግሞ ጥያቄውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለመምህሩ መላክ ይችላል።

ስለ ወሬና ስለ ትኩሳት

ቡድኑ የትምህርት ነው። ምንጩ ያልታወቀ የመድኃኒት ምክር ወይም የሕመምተኛ ስም ሊሰራጭበት አይገባም፤ ስለ ኮቪድ-19 መረጃ የሚፈልግ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውል። ይፋት ወባ የሚገኝበት ቆላ በመሆኑ ትኩሳት የሁለቱም በሽታዎች ምልክት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እንጂ የጓደኞች ግምት አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው መሸፈኛ አድርጎ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። «ኮሮና ይዞታል» ተብሎ እንዳይገለል ፈርቶ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ፣ ሊድን በሚችል ወባ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ዝም ያለውን መፈለግ

መምህሩ በየሳምንቱ መጨረሻ የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዞ ማን በቡድኑ እንደተሳተፈ፣ ማን በወረቀት ጥያቄ እንደላከ፣ ማን ድምፁ እንዳልተሰማ ይመዝግብ። ድምፁ ያልተሰማው ተማሪ ታሞ፣ በሥራ ተጠምዶ ወይም ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ያለዕድሜዋ ልትዳር ታስባ ይሆናል። ስለዚህ ለወላጅ ስልክ መደወል፣ ካልሆነም በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ማጠያየቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት ሁሉም ወደ መቀመጫው እንዲመለስ ፍለጋው በዝግ ወራቱ መጀመር ይኖርበታል።