ኳስ የማይነካው ኮከብ

ማንም ስምህን የማይጠራበት ስራ ቢሰጥህ፣ አስራ አንድ ዓመት ትቆይበታለህ?

ጆ ቶማስ ቆይቶበታል።

ጆ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ቁመቱ ለሁለት ሜትር ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 140 ኪሎ ገደማ። ይሄን ያህል ግዙፍ ሰው ሆኖ ኳስ አይወረውርም፤ ኳስ ይዞም አይሮጥም። ቦታው ኦፌንሲቭ ላይንማን ይባላል። ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ሁለት ሦስት ሰከንድ እንዲያገኝ፣ እየተንደረደረ የሚመጣበትን ሰው ማገድ ነው ስራው።

እንዴት ያግደዋል? በጉልበት ብቻ እንዳይመስልህ! ጉልበቱን አጠፍ፣ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል። በአጫጭር እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከዚያ ሁለት መዳፉን የመጪው ደረት ላይ ያሳርፋል። ከተሳካለት ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጆን የሚያየው የለም። ካልተሳካለት ኳርተርባኩ ይዘረራል። ያኔ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ስታዲየሙ በሙሉ ያውቃል።

አድካሚ ነው? በጣም። ምስጋናስ? የለውም ማለት ይቻላል።

ክሊቭላንድ ብራውንስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ በሦስተኛ ተራ መረጠው። ሌሎቹ ምልምሎች ሱፍ ለብሰው በካሜራ ፊት ሲጠብቁ፣ እሱ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። (ይሄን ሰው የወደድኩት እዚህ ጋ ነው።) ቡድኑ ግን ተሸናፊ ነበር። በ2016 ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ2017 እሷም ጠፋች! ጆ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፍ አልገባም።

ታዲያ ምን አደረገ? ተራውን ይዞ ቆመ። ኳሱ በተነሳ ቁጥር ቦታው ላይ ነበር፤ አንዴም ሳያቋርጥ፣ 10,363 ጊዜ። ያስቆመው በጥቅምት 2017 የደረሰበት የክንድ ጉዳት ነው። ለአስር ተከታታይ ዓመታት ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። በ2023 ደግሞ በስፖርቱ የዝና መዝገብ ሰፈረ። ዋንጫ የለም። ሰውዬው ግን አለ።

«እኔ የምኖረው ምዕራብ ሸዋ፣ ጌዶ ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ምኔ ነው?» አልክ?

እሺ፣ ወደ ምዕራብ ሸዋ እንምጣ። የጀልዱው ልጅ፣ የማራቶን ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ ሲነሳ ምን ትዝ ይልሃል? የሪዮ ኦሎምፒክ፣ 2016። የብር ሜዳሊያ። ከራስ በላይ የተጣመሩ እጆች። ያን ቀን ዓለም በሙሉ አየው።

ሮተርዳምንስ ታስታውሳለህ?

እ.ኤ.አ. 2010፣ ፈይሳ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነው። ማራቶኑን በ2:05:23 ጨረሰ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሰዓት! ደረጃው ግን አራተኛ ነበር። አራተኛን መድረክ ላይ ማንም አይጠራውም። በዓመቱ ዴጉ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። በ2012 ቺካጎ ላይ 2:04:52 ገባ፤ ጸጋዬ ከበደ በ14 ሰከንድ ቀደመው። ቶኪዮን ያሸነፈው በ2016 መጀመሪያ ነው። ሪዮ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

አራተኛ የወጣ ቀን «በቃኝ» ቢል ኖሮስ? ልምምዱን የሚቆጥርለት ሰው እስኪመጣ ቢጠብቅስ?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የመድረክ አነቃቂዎች «ሁላችሁም መሪ ሁኑ» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። ሁሉም ኳርተርባክ ከሆነ ማን ያግዳል? የነቀምቴ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጭነት የሚያስረውን ረዳት አስበው። ገመዱን አጥብቆ ካሰረ ተሳፋሪው ሹፌሩን አመስግኖ ይወርዳል። ካላላው ግን እቃው መንገድ ላይ ይበተናል። ይሄ ልጅ ተራ ሰራተኛ ነው? በጭራሽ!

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነህ? ናሙናውን በጥንቃቄ ለይ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው? በቡድን ስራ ማንም የማይፈልገውን ክፍል ውሰድ፣ ከሁሉም አሳምረህ ስራው። ሱቅ ትጠብቃለህ? ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ሚዛኑን አስተካክል። «ማን አየኝ?» የሚል ሐሳብ ሲመጣብህ መልስ አትስጠው። ስራ ላይ ነህ።

እርምጃህንም አሳጥር። ጆ አጥቂውን የሚያግደው ረጅም እየዘለለ አልነበረም፤ የዘለለ ላይንማን ሚዛኑን ይስታል፣ ይወድቃል። አንተም በአንድ ሌሊት ሕይወትህን ልትገለብጥ አትነሳ። አንድ ስራ ምረጥ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ጀምረው። ደከመህ? ቀንሰህ ስራ፣ ግን ቦታህን አትልቀቅ። ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ነኝ ብለህም አታላክክ፤ ብራውንስን የሚያህል ተሸናፊ የት ታገኛለህ?

ከነገ ጠዋት ጀምር። ስንተኛ እንደወጣህ የምትቆጥረው በዓመቱ ነው።