ሻንጣሽን ከመቆለፍሽ በፊት

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ከኋላሽ ቆሜ አነበብኩት። ለክሊኒኩ ባለቤት የጻፍሽው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጨዋ ነው። ቀኑም፣ ምስጋናውም፣ ፊርማውም አልጎደለውም። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁበት። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ስታክሚያቸው የኖርሽው ሰዎች የሉበትም። ባለቤቱ ከመሄድሽ አንድ ወር ቀድሞ እንዲያውቅ አስበሻል። እነሱስ? ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መጥተው "ዶክተሯ እኮ አገሯ ገባች" የሚለውን ከዘበኛው አፍ ሊሰሙ ነው?

ቁጭ በይ እህቴ። አትሂጂ አላልኩሽም። እናታችን ደክማለች፣ የስፔሻሊቲ ዕድሉም ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ሐኪም ከታካሚው ጋር ዕድሜ ልኩን የታሰረ አይደለም፤ ቦታ ይለቃል፣ ይታመማል፣ ጡረታ ይወጣል። እኔ የምፈራልሽ አካሄዱን ነው።

የራሴን ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ከዓመታት በፊት ከአንድ የግል ክሊኒክ በሦስት ቀን ውስጥ ተነሥቼ ወጣሁ። የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነበር። ከመውጣቴ በፊት በነበረው ሳምንት ጡቷ ላይ ዕጢ ያገኘሁባት አንዲት እናት ነበረች። በመርፌ ናሙና ወስጄ ልኬላት "ውጤቱ ሲመጣ እንጠራሻለን" ብያት ነበር። ውጤቱ እኔ ከሄድኩ በኋላ መጣ። በእኔ ስም ስለመጣ በእኔ መሳቢያ ገባ። ማንም ሳያነበው ወራት አለፉ። እሷ ደግሞ ስላልተጠራች ደህና መሆኗን አምና ተቀመጠች። ዝምታዬን "ምንም የለብሽም" ብላ ተረጎመችው። ነርሷ ደውላ ስትነግረኝ ዕጢው ቆስሎ ፈንድቶ ነበር። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኸው ነው፤ ከሥራ ስወጣ ውጤቱን የሚያነብ ሰው ሳልተካ ወጥቼ ነበር። ሰበብ የለኝም። አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ይህ ነው። ገና ውጤታቸው ያልመጣ ታካሚዎችን በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ውጤቱን የሚቀበለው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ለታካሚዋ የሚደውልላት ማን እንደሆነ ይጻፍ። ያ ሐኪም በቃሉ "እሺ" ይበልሽ፤ ፈርሞ ቢቀበልሽ ደግሞ የተሻለ ነው። ላቦራቶሪውም ውጤቱ ከእንግዲህ በማን ስም እንደሚመጣ ይወቅ።

ሕጉን አታውቂም ብዬ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2639 ጀምሮ ሐኪምና ታካሚን በውል የተሳሰሩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 537 ደግሞ ብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ አገልግሎት የከለከለን ሐኪም፣ ነርስም ሆነ አዋላጅ ይቀጣል። እዚህ የምትዳኚው በሶማሊላንድ ሕግ ቢሆንም መሐላሽ ወጃሌ ኬላ ላይ አይቀርም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 ሊዝበን ላይ ያወጣው የታካሚዎች መብት መግለጫ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ሕክምናው ገና የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ታካሚው ሌላ ሐኪም የሚያገኝበት በቂ ጊዜና ተገቢ እርዳታ ሳያገኝ ሐኪሙ ማቋረጥ አይችልም። ጊዜም፣ እርዳታም። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

በቂ ጊዜ ስንት ነው ትይኝ ይሆናል። በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ 30 ቀን የተለመደ ነው። እኔ ግን በሽታውን እይ እልሻለሁ። ግፊቱ ለተስተካከለለትና ኪኒኑን በየፋርማሲው ለሚያገኝ ሰው አንድ ወር ይበቃዋል። የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ግፊቷ ለሚወጣባት ሴት ግን አንድ ወር ምኗም አይደለም፤ ምጧ የሚመጣው አንቺ በሄድሽ ሰሞን ነው። እሷን በወረቀት ብቻ አትሸኛት። አብረሻት ሂጂ። ኤድና አዳን እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ሆስፒታል እዚሁ ከተማ ነው፤ የሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታልም አለ። አዋላጇ ፊቷን አይታ፣ ካርድ ወጥቶላት፣ ቀጠሮዋ ተይዞ ትመለስ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመሩትን አስቢ። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ሦስተኛው ወር ላይ ሳሉ "ለውጥ አለኝ" ብለው የሚተዉት አንቺ ስትጠፊባቸው ነው። ያ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ፌኖባርቢታሉ በድንገት ቢቋረጥበት ማቆሚያ ወደሌለው መንቀጥቀጥ ሊገባ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደችው ሴትዮም በአንድ ጊዜ ብታቆም ሰውነቷ ይከዳታል። ኢንሱሊን የሚወጋውን ልጅ አልነግርሽም፤ ለእሱ ጥቂት ቀን ነው። የእነዚህን ካርድ ዛሬ ማታ ለብቻው አውጪ። የሌላው ነገ ይደርሳል።

ሪፈር ስትጽፊ ደግሞ ለራስሽ እንደምትጽፊው አትቸኩይ። የመድኃኒቱን የንግድ ስም ትተሽ ሳይንሳዊ ስሙን ከነመጠኑ ጻፊ፤ ካርቶኑ በየአገሩ ይለያያል፣ ከታካሚዎችሽም አንዳንዶቹ ነገ አዲስ አበባ ለሕክምና ሊበሩ ይችላሉ። የሞከርሽውንና ያልሠራውን፣ የማይስማማቸውን መድኃኒት፣ የመጨረሻውን ምርመራ ከነቀኑ አስፍሪ። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንዱን በእጃቸው ስጪ። እዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን አትመጣም፣ አማች ወይም ወንድም ይከተላታል። ወረቀቱን ለእሱ ዘርግተሽ ከመስጠትሽ በፊት ለብቻዋ "ማን እንዲያነበው ትፈልጊያለሽ?" ብለሽ ጠይቂያት። የኤች አይ ቪ ውጤት ያለባት ከሆነ ይህ ጥያቄ ትዳሯን ያድን ይሆናል።

ካርዶቹን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አትውሰጂ። አሳቢነት ይመስላል፣ ግን የሰው ምስጢር በኪስሽ ይዘሽ ድንበር ማቋረጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የእኛዎቹ ነገር ነው። ሻይ የሚሸጡት፣ በየቤቱ የሚሠሩት፣ ግንበኞቹ፤ በወጃሌ በኩል ገብተው ወረቀት የሌላቸው። ከሰፈሩ ክሊኒክ ሁሉ አንቺን የመረጡሽ በአማርኛና በኦሮምኛ ሕመማቸውን ስለምትሰሚያቸው ነው። አንቺ ስትሄጂ ሐኪም ብቻ ሳይሆን አፍም ያጣሉ። ጥሩ ሶማሌ ሐኪም ብትጠቁሚያቸውም "የት ጋ ያምሻል?" የሚለውን ካልሰሙ ተመልሰው አይሄዱም፤ ቤታቸው ተኝተው ይብሳሉ። ስለዚህ ለእነሱ ሐኪም ብቻ አትፈልጊ። ቋንቋቸውን የምትችል ነርስ ወይም ጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ፈልጊና ፈቃዷን ጠይቂ፣ ምስጢር እንድትጠብቅም አደራ በያት። የጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ሄዶ መለመን ክብር አይቀንስም።

ትናንት ስለዚያ ጠረጴዛ ስለደበደበብሽ ሰውዬ ጠየቅሽኝ፤ "እሱንስ ከመሄዴ በፊት ዳግመኛ አላየውም ብለው?" አልሽ። ባለቤቱ ዘንድ ስለከሰሰሽ ከሆነ፣ አይሆንም። የብሪታንያ ሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት እንኳ ታካሚ ስላማረረ ብቻ ማባረርን አይፈቅድም። ክፍያ አጓደለ፣ ምክርሽን አንድ ጊዜ አልሰማም፣ ሕክምናው ብዙ ወጪ ያስወጣል፣ ከዚህ ጎሳ ከዚያ ጎሳ ነው ማለትም ምክንያት አይሆንም። እጁን ቢያነሣብሽ፣ ቢያስፈራራሽ፣ ወይም በሴትነትሽ ቢመጣብሽ ግን ማቆም ትችያለሽ፤ ለደኅንነትሽ ማንም አይወቅስሽም። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ ማስጠንቀቅ የሚቻል ከሆነ አስጠንቅቂው። ምክንያቱን ሳትሳደቢ ካርዱ ላይ ጻፊ፣ የሚያየውን ሌላ ሐኪም ንገሪው። ሌሊት ደረቱን ይዞ ቢመጣና ተረኛዋ አንቺ ብቻ ብትሆኚ ግን በሩን ትከፍቺለታለሽ። ዘበኛው አጠገብሽ ይቁም፤ አንቺ ደም ግፊቱን ለኪው።

ገንዘብም አለ፣ አጭር ነው። ለእርግዝና ክትትል አስቀድመው የከፈሉ ካሉ ቀሪውን ባለቤቱ በዛድ፣ በስልክ ገንዘብ፣ እንዲመልስላቸው ዛሬውኑ አነጋግሪው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሚጠይቅላቸው የለም።

አሁን ደግሞ ስለ መንገሩ። በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ጥሩ ነው፣ ግን ከታካሚዎችሽ ስንቱ ያነባል? በአፍሽ ንገሪያቸው። አስተርጓሚው ሲነግራቸው አንቺ ፊታቸውን እያየሽ ተቀመጪ። በዕድሜ ከገፉት እናቶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህች ከተማ በቦምብ ስትፈርስ ልጅ አዝለው በእግራቸው ወደ እኛ አገር የተሻገሩ፣ ሐርተሼክ መጠለያ ካምፕ ውስጥ ዓመታት የኖሩ ናቸው። ሐኪማቸው፣ ጎረቤታቸው፣ ባላቸው አንድ ቀን ተነሥተው ሲጠፉ አይተዋል። ከእኛም ወገን እንዲህ ያለ መጥፋት ሊደገምባቸው አይገባም። አንዳንዷ ታለቅስ ይሆናል፣ አንዳንዷ "እኔ ምን በድዬሽ ነው?" ትል ይሆናል። አትቸኩይ። "ሆዮ፣ እማማ፣ ከአንቺ ተጣልቼ አይደለም፣ እናቴ ደክማብኝ ነው" በያት። እናት የሚለው ነገር ይገባታል። የሚቀጥለውን ሐኪም ስም አስደግሚያት፤ ካልደገመችው አልያዘችውም።

ደብዳቤውን ገና አልላክሽውም አይደል? እንግዲያው አንድ አንቀጽ ጨምሪበት። ከዛሬ ጀምሮ ለታካሚዎችሽ ራስሽ እንደምትነግሪ፣ ርክክቡ የሚደረግለት ሐኪም እንዲመደብልሽ፣ ካርዶቹም ለእሱ እንዲተላለፉ ጠይቂ። ባለቤቱ "ታካሚ ይሸሻል" ብሎ እንዳትናገሪ ቢልሽ፣ ለስላሳ ሆነሽ ግን ሳታወላውዪ እምቢ በይው።

በይ ካርዶቹን ወደዚህ አምጪያቸው። እርጉዟን እንጀምር። የመውለጃ ቀኗ መቼ ነው ብለሽኝ ነበር?