ድርጅት በጥቂት ገንዘብ እንዴት ፈጥኖ አዲስ ነገር ይሠራል?

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ብዙዎች የዝግታ ምስጋና አድርገው ይወስዱታል። እኔ ግን በጥቂት በጥቂቱ እየሞከሩ መሄድ የፍጥነትም መንገድ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አባቴ እዚሁ ሐዋሳ አናጢ ናቸው። ዓምና አዲስ ዓይነት ተጣጣፊ ጠረጴዛ አስበው፥ ገንዘብ ተበድረው የ20 ጠረጴዛ እንጨት ገዙ። 3 ወር ለፍተው ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ ገበያ ቢያወጡት ቁመቱ ለቡና ቤቶች አልተስማማም፤ 17ቱ ሳይሸጡ ቀሩ። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጉዳቱ፥ ስሕተቱ የታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያም ገንዘብ አጥሮት ነበር። እንደ አሜሪካ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት እያመረተ ማከማቸት ስላልቻለ፥ በጥቂቱ እየሠራ ዓይነቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1969 የአንድ ትልቅ የብረት መጭመቂያ መኪና ቅርጽ ማውጫ ለመለወጥ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሺጌዎ ሺንጎ የተባሉ መሐንዲስ ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው ይህን መጀመሪያ ወደ 90፥ ቀጥሎም ወደ 3 ደቂቃ አወረዱት። ዋናው ዘዴ መኪናው ቆሞ ይደረግ የነበረውን ዝግጅት፥ መኪናው እየሠራ ሳለ አስቀድሞ መጨረስ ነው።

እንዲህ ያለው ሳያቋርጡ በጥቂቱ የማሻሻል ልማድ ካይዘን ይባላል። ወደ አገራችንም ገብቷል፤ በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ርዳታ 30 ፋብሪካዎች ተመርጠው ሙከራው ተጀመረ፥ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ከዚህ የተማርሁት 3 ነገር ነው። 1ኛ፥ በእጅ ባለው ዕቃ መጀመር፤ 2ኛ፥ ከብዙው በፊት አንዱን ሠርቶ መሞከር፤ 3ኛ፥ የሚገለገልበትን ሰው ጠይቆ ወዲያው ማረም።

ይህን ለአባቴ ባጫውታቸው ከተረፈው እንጨት አንድ በርጩማ ሠርተው፥ በሰፈራችን ቡና ለሚያፈሉ እናት ሰጡ። እርሳቸውም «ዝቅ ይበል፥ እግሩም ሰፋ ይበል» አሉ። በርጩማው በአንድ ሳምንት 3 ጊዜ ታረመ። ከዚያም 6 ተሠርተው 6ቱም ተሸጡ። ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም። ሆኖም ውድ አንባብያን፥ አባቴ ዛሬ እንጨት ሲገዙ መጀመሪያ የሚገዙት ለአንድ ዕቃ የሚበቃውን ብቻ ነው።