ባይተዋር ውሻ ቤት ሲያገኝ

ምንባብ

ከማንበባችሁ በፊት፦ በአካባቢያችሁ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉን? ሰዎችስ እንዴት ይመለከቷቸዋል?

ቦሪ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ አካባቢ የምትገኝ መንደር ናት። ሞያሌ ራሷ አንዱ ወገኗ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ወገኗ በኬንያ የሆነ የድንበር ከተማ ናት። በዚያ ደረቅ ምድር ብዙው ሰው ከብት፣ ግመል፣ ፍየልና በግ አርቢ ስለ ሆነ ውሻ ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ሌሊት ጅብ ወደ እሾህ አጥሩ ሲጠጋ አስቀድሞ ሰምቶ የሚጮኸው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በአፍሪካ ቀንድ በደረሰው ድርቅ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ዝናም አጥተው አለፉ፤ የአካባቢውም ከብት እጅግ አለቀ። መንጋ ሲያልቅ ደግሞ የመንጋው ጠባቂ ሥራውንም ምግቡንም ያጣል።

ባለቤት አጥቶ በገበያና በቄራ ዙሪያ የሚንከራተት፣ ልጆች በድንጋይ የሚያባርሩት አንድ ውሻ ወደ አንድ ቤተሰብ አጥር ተጠጋ እንበል። እንዲህ ያሉትን ተቀብሎ፣ አክሞ፣ ለአዲስ ባለቤት የሚሰጥ የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር የሚባል ድርጅት በናይሮቢ አለ። ናይሮቢ ግን ከሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ በቦሪ መጠለያውም አላማጁም ራሱ ቤተሰቡ ነው።

የተንገላታ ውሻ ሰው ሲቀርበው ጅራቱን በኋላ እግሮቹ መካከል ይሸጕጣል፤ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ዐይኑን ከሰው ዐይን ያሸሻል። ይህ ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለም፤ ሁለቱን አለመለየት ብዙ ጊዜ ለንክሻ ምክንያት ይሆናል። ማጕረምረሙም «አትቅረቡኝ» ማለቱ ነውና ሊመታበት አይገባም። ባጕረመረመ ቍጥር የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ትቶ፣ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የሚነገረው ሰውን ለመንቀፍ ነው። ለውሻው ግን ነቀፌታ አይሆንም፤ እንዲያውም የማላመድ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ዘወትር አንድ ዐይነት ምልክት የሚሰጠው ውሻ፣ ውሎ አድሮ ምልክቱ ብቻ ምራቁን እንደሚያመጣበት አሳይቷል። ቤተሰቡም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምግቡን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ዐይነት ጥሪ ያቀርብለትና ዞር ብሎ ይተወዋል። ቀስ በቀስ ጥሪውም፣ ጠሪውም ሰው በውሻው ዘንድ የደስታ ምልክት ይሆናሉ።

የውሻው ማደሪያ የት ይሁን? በአካባቢው ብዙው ነዋሪ ሙስሊም ነው። በእስልምና ሥርዐት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ለመንጋና ለእርሻ ጥበቃ ወይም ለአደን ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ውሻው የቤተሰቡ አባል የሚሆነው በደጅ ነው፤ የራሱ የምግብ ዕቃ፣ በአጥሩም ጥግ ጥላና ውሃ ያለበት ማደሪያ ይዘጋጅለታል። ይህ ጭካኔ አይደለም። ፈሪ ውሻ ከሁሉ አብልጦ የሚሻው ማንም የማይደርስበት የራሱን ጥግ ነው። ሲበላና ሲተኛ ሕፃናት እንዳይነኩት፣ ፍየሎቹንም በመጀመሪያ ታስሮ ከሩቅ እንዲያያቸው ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ አላማጆች ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ልማድ ለማወቅ፣ ሦስት ወር ቤቱን ቤቴ ለማለት ይበቃዋል ይላሉ፤ ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በበሽታው ከሚያዙትም ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው። በሽታው በውሻው አካል ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተሰውሮ ስለሚቈይ፣ የመጣበት የማይታወቅ ውሻ ጤናማ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም። ውሻው ሰው ቢነክስ ቍስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ ሲነክስ በሽታው በምራቁ ከነበረ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር ዐሥሩን ቀን አይጠብቅም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዮሴፍ ማይስተርን፣ በክትባት ያዳነው ሳይዘገይ ስለ ጀመረለት ነበር።

የሞያሌን ጕዳይ የሚያከብደው ድንበሩ ነው። ሰው ሲሻገር ወረቀት ያሳያል፤ ውሻ ግን አያሳይም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው መዛመት እንደሚገታ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ዕቅድ በሽታውን እስከ 2030 ለማጥፋት አስባለች። ይሁን እንጂ በአንዱ ወገን ያሉት ውሾች ብቻ ቢከተቡ፣ ከሌላው ወገን በሌሊት የሚሻገር አንድ የታመመ ውሻ ችግሩን መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት ተርጕሙ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ የሚንከራተት፣ የተንገላታ፣ ይሸጕጣል፣ ነቀፌታ፣ ተሰውሮ፣ እንደሚገታ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የሚያጕረመርምን ውሻ መምታት ስለ ምን ጐጂ ሆነ?
2. ውሻው ለ10 ቀን የሚጠበቀው ለምንድን ነው? የተነከሰው ሰውስ ስለ ምን አብሮ አይጠብቅም?
3. «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን አነጋገር ጸሐፊው ከተለመደው አገባቡ በምን ለይቶ ተጠቀመበት?

ሐ. ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይገደሉ ወይስ ይከተቡ በሚለው ርዕስ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።